ሰንጠረዥና ገበጣ

ዛሬ ስለ ጨዋታ እናወራለን። ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ሰሌዳው 64 ቤት አለው። ሁለት ነገሥታት ከነሠራዊታቸው ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ ከሌላው ጭፍራ ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። ንጉሡ መሸሻ ያጣበት ተሸነፈ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1805 ዓ.ም. ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ትግራይ ሄዶ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አየ። ያየውንም ጻፈ። በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ እየጮኸ ይመክር ነበር አለ። ግን ምን ይሆናል? በዘዴ እየተለቀቀላቸው ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ!

ገበጣ ግን ጌታና ሎሌ አይልም። እረኛም መሬት ቆፍሮ በጠጠር ይጫወተዋል። አስቀድሞ የቆጠረ ይበላል፤ ያልቆጠረ ይበላበታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰንጠረዥን የሚያውቅ ሰው ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ስለ እሱ የምናውቀው የተጻፈውን ያህል ነው። የገበጣ ሕግ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። የናንተ መንደር ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር ይላል? ሽማግሌ ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት። ፊደል የቆጠርነው ሌላው የጻፈውን ለማንበብ ብቻ አይደለም።