የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነትና የኬሚካዊ ትስስር ዋልታዊነት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ለማናችሁም አዲስ አይደለም። ሆኖም አንድ የተጸጸትሁበትን ነገር በማስቀደም ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ «ሃይድሮጂን ፍሎራይድ አዮናዊ ነው ወይስ ኮቫለንታዊ?» የሚል የፈተና ጥያቄ አውጥቼ ነበር። አንዲት ተማሪ፣ «ኮቫለንታዊ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላ ነገር ከገበታ ጨው ጋር ሊመደብ አይችልም» ብላ ጻፈች። እኔም የ1.7ን ወሰን ጠቅሼ መልሷን በቀይ ቀለም ሰረዝሁት። ስሕተቱ የእኔ ነበር።

ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ፣ እንደሚታወቀው፣ አንድ አቶም በትስስር ውስጥ የሚጋራቸውን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ የመሳብ ችሎታው ነው። ሊነስ ፖሊንግ በ1932 እ.ኤ.አ. ይህን ችሎታ በቁጥር ለመግለጽ የተነሣው ከትስስር ጉልበት ነው። የሃይድሮጂንን ሞለኪዩል ለመለያየት በሞል 436 ኪሎጁል ገደማ፣ የፍሎሪንን ለመለያየት ደግሞ 158 ያህል ያስፈልጋል፤ የሁለቱም አማካይ 297 ነው። የሃይድሮጂንና የፍሎሪን ትስስር ግን 568 ያህል ይጠይቃል። ይህ ትርፍ ከየት መጣ? ኤሌክትሮኖቹ ወደ ፍሎሪን በማድላታቸው ፍሎሪን በከፊል አሉታዊ፣ ሃይድሮጂን በከፊል አዎንታዊ ሆነው ስለሚሳሳቡ ነው። ዋልታዊነት የምንለውም ይህንኑ ማድላት ነው። ፖሊንግ የሁለቱን አቶሞች ልዩነት ያሰላው ከዚህ ትርፍ ዳግም ዘር ተነሥቶ ነው።

ዛሬ በምንጠቀምበት ሠንጠረዥ ፍሎሪን 3.98፣ ሃይድሮጂን 2.20 ስለሆኑ ልዩነታቸው 1.78 ነው። ክሎሪን 3.16 በመሆኑ ከሃይድሮጂን ጋር ያለው ልዩነት 0.96 ብቻ ነው። ውጤቱም በልኬት ይታያል። የሃይድሮጂን ፍሎራይድ የዳይፖል ሞመንት 1.83 ዲባይ ሲሆን፣ የሃይድሮጂን ክሎራይድ 1.1 ዲባይ ገደማ ነው። ይህ በአቶሞቹ መካከል ካለው ርቀት ጋር ሲሰላ፣ በመጀመሪያው የአንድ ኤሌክትሮን ሙል 41 በመቶ ያህል፣ በሁለተኛው ከ20 በመቶ በታች ተዛውሯል ማለት ነው።

እንግዲህ 1.7 የሚባለው ወሰን ምን ዋጋ አለው? ሊቲየም 0.98፣ አዮዲን 2.66 ናቸው፤ ልዩነታቸውም 1.68 ነው። በወሰኑ ብንሄድ ሊቲየም አዮዳይድ ኮቫለንታዊ፣ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ አዮናዊ በሆኑ ነበር። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሊቲየም አዮዳይድ ክሪስታሉ እንደ ገበታ ጨው የተደረደረ፣ 469 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ የማይቀልጥ ጨው ነው። ከንጹሕ ኮቫለንታዊ እስከ አዮናዊ ያለው መንገድ ቀስ በቀስ የሚወጣ ዳገት እንጂ በአጥር የተከፈለ ሜዳ አይደለም።

ሁለተኛም፣ የትስስር ዋልታዊነትና የሞለኪዩል ዋልታዊነት አንድ አይደሉም። በካርቦንና በኦክስጂን መካከል ያለው ልዩነት 0.89 ነው። ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ያለ ቅርጽ ስላለው የሁለቱ ትስስሮች ዋልታዊነት ይጣፋል፤ ሞለኪዩሉም ዋልታ የለውም። ውሃ ግን በ104.5 ዲግሪ የታጠፈ በመሆኑ 1.85 ዲባይ አለው። በካርቦን ሞኖክሳይድማ ነገሩ ከግምታችን ይወጣል፤ ዳይፖሉ 0.11 ዲባይ ብቻ ሲሆን፣ አሉታዊው ጫፍ በካርቦን በኩል ይገኛል።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ልዩነቱን እናስተምር፤ ነገር ግን «የቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «ምን ያህል ነው?» ብለን እንጠይቅ። ቀጥሎ የሞለኪዩሉን ቅርጽ፣ በመጨረሻም የመፍላትና የመቅለጥ ጠባዩን ተማሪው ራሱ እንዲያመሳክር እናድርግ። ያቺ ተማሪ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ከሠንጠረዡ ይልቅ የንጥረ ነገሩን ጠባይ አመነች፤ እኔ ግን ለዚህ ነጥብ ነፈግኋት። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ሌላ መምህር በሌላ ተማሪ ላይ ይህንኑ እንዳይደግም ግን ማሳሰብ ግዴታዬ ነው።