የወረዳው ኪስ

ሐምሌ ገባ ማለት የመንግሥት በጀት ዓመት ተጀመረ ማለት ነው። ባለሱቁ ጃንጥላውን ይዞ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተሰልፏል። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ከላይ የሚመጣውን ድጎማ ይጠብቃል። በባለሱቁ ግብር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አብዛኛው የገጠር ወረዳ የአስተማሪዎቹን ደመወዝ እንኳ አይችልም ነበር።

ነገሩ የወረዳው ስንፍና አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጉምሩክ ቀረጥን የመሳሰለው ወፍራም ገቢ ለፌዴራሉ ነው። ክልሎች የሠራተኞቻቸውን፣ የግለሰብ ነጋዴውንና የአርሶ አደሩን ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያንም ያገኛሉ። ጉድለቱን የሚሞላው ድጎማ ነው። ለክልሎች ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ጥቅል ድጎማ ለወረዳዎች መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ወረዳው ራሱ ይወስን ተብሎ።

ምኑን ይወስን? ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለነዳጅ፣ ለወረቀትና ለውሎ አበል ነው።

አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። ክልሉ ለወረዳው የሚደርሰውን ካሰላ በኋላ፣ ወረዳው ራሴ እሰበስባለሁ ያለውን ቀንሶ ቀሪውን ይልካል። እቅድን ዝቅ አድርጎ ማቅረብ ለምን እንደሚያጓጓ ገባችሁ? ከፍ አድርጎ አቅዶ ያልተሳካለት ደግሞ ሚያዝያ ላይ መኪናውን ያቆማል።

ታዲያ የመማሪያ ክፍሉ በምን ይሠራል? በመዋጮ። በይፋ ስሙ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው። ገበሬው ድንጋይና አሸዋ ያጓጉዛል፣ ነጋዴው ብር ያወጣል። አንዳንዴም የድጋፍ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ቀበሌ የሄደ ሰው መጀመሪያ የመዋጮውን ደረሰኝ ይጠየቃል። ፈቃደኝነት እንዲህ ሆኖ ካየሁት በኋላ እኔ ግብር ነው የምለው።

በብዙ ወረዳዎች በጀቱ በሰሌዳ ይለጠፋል፤ የሚያስመሰግን ነው። መዋጮው ግን ከዚያ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ብሩም፣ ድንጋዩና ጉልበቱም ተተምኖ ከድጎማው ጎን ይጻፍ። ያኔ ነዋሪው የምክር ቤት አባሉን ሲያገኝ፣ «መንግሥት ምን ሰጠን?» ማለቱን ትቶ «ያዋጣነው የት ገባ?» ብሎ ይጀምራል።