ያልተጻፈ አይቆጠርም፦ ስለ ሕፃናት ራስ ቅልና ስለ ጤና መዝገብ

(በሜድስቶን፣ ሜልበርን፣ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ከፉትስክሬይም ከሰንሻይንም የእረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው «ለአገር ቤት ጤና ጣቢያ ምን እንላክ?» በሚለው ጥያቄ ላይ የበኩሌን እንድናገር ጋብዞኛል። የነርስነት ዲግሪዬን የተማርኩት እዚሁ አውስትራሊያ ነው፤ የምሠራውም ከሕፃናት ጋር ነው። ስለዚህ ሐሳቤን በአንድ የሕፃናት በሽታ ላሳያችሁ።

ሕፃን ሲወለድ ራስ ቅሉ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ብዙ አጥንቶች በመገጣጠሚያ ተያይዘው የሠሩት ነው። እርግብግቢት የምንለው ለስላሳ ቦታ እነዚህ መገጣጠሚያዎች የሚገናኙበት ነው። መገጣጠሚያዎቹ ክፍት የሆኑት አንጎል በፍጥነት ስለሚያድግ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የራስ ዙሪያ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከመገጣጠሚያዎቹ አንዱ ያለጊዜው ሲዘጋ ራስ ቅሉ በዚያ አቅጣጫ ማደግ አይችልም፤ በሌላ በኩል ይገፋል። ይህ ክራኒዮሲኖስቶሲስ ይባላል። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። አናት ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሲዘጋ ጭንቅላቱ ጠበብ ብሎ እንደ ታንኳ ይረዝማል። ግንባር ላይ ያለው ሲዘጋ ደግሞ ግንባሩ ሦስት ማዕዘን ይመስላል።

እናቶቻችን እርግብግቢት ላይ ቅቤ ያደርጋሉ። በሽታው ቅቤ በመቀባትም ባለመቀባትም አይመጣም፤ በማሸትም አይድንም። እርግብግቢቱ ክፍት ስለሆነ ብቻም በሽታው የለም ማለት አይደለም። ሕክምናው በአብዛኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ ጊዜም ይወስነዋል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ወራት የተደረሰበት ልጅ በትንሽ ቁስል ሊታከም ይችላል። የዘገየው ግን ከበድ ያለ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

ችግሩ፣ ይህን በሽታ የሚመስል ሌላ ነገር መኖሩ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ሲመከር የድንገተኛ ሞት ቁጥር በጣም ቀነሰ፤ ጀርባው ጠፍጠፍ ያለ ጭንቅላት ግን በዛ። ይህኛው ከአተኛኘት የሚመጣ ነው። አተኛኘቱን በመለዋወጥና ልጁ ነቅቶ ሳለ በሆዱ በማስተኛት ይሻሻላል። በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ የመገጣጠሚያው መዘጋት ኪው 75.0፣ የጭንቅላቱ መጣመም ኪው 67.3 ተብለው ለየብቻ ይመዘገባሉ። አንዱ ቀዶ ጥገና፣ ሌላው ትዕግሥት ይፈልጋል።

እዚህ አገር ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ኮደር የሚባል ባለሙያ መዝገቡን አንብቦ ቁጥሩን ይሰጣል። ኮደሩ ልጁን አያየውም፤ መገመትም አይፈቀድለትም። እኛ የጻፍነውን ብቻ ነው የሚያነበው። «የጭንቅላት ቅርጽ ችግር» ብለን ከተውነው ትክክለኛው ቁጥር አይሰጥም። ቪክቶሪያ ከ1993 ጀምሮ ለሆስፒታሎች ገንዘብ የምትመድበው በእነዚህ ቁጥሮች ተመሥርታ ነው። 10ኛው ምደባ ራሱ የትኛው መገጣጠሚያ እንደተዘጋ አይለይም፤ ስለዚህ የመገጣጠሚያው ስም በጽሑፍ ካልሰፈረ ይጠፋል። አሜሪካኖች ይህን አይተው በጥቅምት 2023 ለየመገጣጠሚያው የተለየ ቁጥር አወጡ።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። አንዲት ዘመዴ የ9 ወር ልጇን ይዛ ከጤና ጣቢያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ያለው «ጭንቅላቱ ጠማማ ነው» የሚል ብቻ ነው። ሲወለድ የራሱ ዙሪያ ስንት ነበር? በ3 ወሩስ? የጻፈ የለም። ሐኪሙ ከዜሮ ጀመረ። እሷም በመኸር ሥራ ወቅት ሁለት ጊዜ ተመላልሳ፣ ከአተኛኘት የመጣ መሆኑ በመጨረሻ ታወቀ። እግዚአብሔር ይመስገን። መገጣጠሚያው የተዘጋበት ልጅ ቢሆን ኖሮ ግን የጠፋው ጊዜ አይመለስም ነበር።

መቁጠር ምን እንደሚያመጣ አገራችን ራሷ አሳይታለች። በየሆስፒታሉ የአከርካሪ ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ተቆጥረው ብዛታቸው ሲታወቅ፣ ዱቄት በፎሊክ አሲድ ይበልጽግ የሚለው ክርክር ጉልበት አገኘ። ጤና ሚኒስቴር ዛሬ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ሪፖርት ይሰበስባል። ኮምፒውተሩ ግን ከታች ያልተጻፈውን ከላይ ሊያውቅ አይችልም።

ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ አልትራሳውንድ ገዝቶ መላክ ነው። ሐሳቡን አከብራለሁ። ነገር ግን ባለሙያና ጥገና ይፈልጋል። እኔ የምለምናችሁ ከእሱ በፊት አራት ነገሮችን እንድናስቀድም ነው፦

1. የማይለጠጥ የራስ መለኪያ ሜትር ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ። ከቅንድብ በላይና ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከኋላ ጎላ ያለውን ቦታ ይዞ 3 ጊዜ ይለካል፤ ትልቁ ይጻፋል።
2. የዓለም ጤና ድርጅት የራስ ዙሪያ እድገት ሰንጠረዥ፣ የወንድና የሴት ለየብቻ ታትሞ።
3. ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተስማምተን፣ ቅርጹን፣ ልኩን፣ ቀኑንና የተጠረጠረውን በሽታ ስም የሚጠይቅ የሪፈር ቅጽ።
4. ለባለሙያዎቹ አጭር ሥልጠና። እኔና እዚህ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ በስልክና በቪዲዮ ለማገዝ ዝግጁ ነን።

እዚህ ልጆች ለምታሳድጉም አንድ ቃል፦ አረንጓዴዋን የልጅ ጤና ደብተር ሳትይዙ ወደ እናቶችና ሕፃናት ነርስ አትሂዱ። ከልደት እስከ 3 ዓመት ተኩል ያሉት 10 ቀጠሮዎች እንዳያልፏችሁ። የልጁ ቅርጽ ካሳሰባችሁ «ይህን ጻፊልኝ» በሉ፤ መብታችሁ ነው።

መለኪያው በኪስ የሚያዝ፣ ቅጹም አንድ ገጽ ነው። ኮሚቴው በዚህ ዓመት በጀት ውስጥ እንዲያስገባው፣ እናንተም እጃችሁን አውጥታችሁ እንድትደግፉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።