አዋሽ ጣቢያ፤ ሐዲዱና ሸለቆው



ስለ ምድር ባቡራችን ሲወሳ ወሬው ዘወትር ከለገሃር ተነሥቶ ድሬዳዋ ላይ ያርፋል። በመካከል ያለው አዋሽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስለሚታለፈው ጣቢያ ነው፤ የመሥመሩ ብልሃትም ድካምም ባንድነት የሚታየው እዚያ ነውና።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ሽኩቻም ተጨምሮበት ሐዲዱ ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለና አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ የሆነ ከተማ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለ ነበር መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድር ነበር። ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው ማረፊያ ዝናው የተገኘው ከዚህ ነው። የማደሪያው ቦታ አመራረጥም አለምክንያት አይደለም። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ዳገት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በእንፋሎት ለሚሠራ ባቡር ውሃ፣ ማገዶና ያረፈ ሠራተኛ የግድ ነበር። በኋላ ናፍጣ እንፋሎትን ሲተካ አዳሩ ቀረ፤ ገበያው ግን አልቀረም። ባቡሩ ቆሞ እስኪነሣ ባለችው ጊዜ በየፉርጎው መስኮት የሚደረገውን ግብይት ያላየ የዚያ ትውልድ መንገደኛ ያለ አይመስለኝም።

ድልድዩ ሌላ ታሪክ አለው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያኖች ሲያፈገፍጉ በአዋሽ ገደል ላይ ያሉትን ድልድዮች አፈረሱ። የእንግሊዝ ጦር ግን ወንዙን ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ ድልድዩም በኋላ ተጠገነ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ መሥመሩ ዳግመኛ ተቈረጠ።

በጦርነት ከጠፋው ይልቅ በሰላም ጊዜ የደረሰው ይከብደኛል። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ምክንያቱ በጠማማው ላይ ፍጥነት አለመቀነሱ ነው ተባለ። ይህን በሙያችን ዐይን እንየው። በጠማማ መንገድ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ1 ሜትር ሐዲድ ላይ የቆመ፣ ሰው የሞላበት ፉርጎ ደግሞ መሠረቱ ጠባብ ነው። ነጂውን ወንጅሎ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የመቶዎች ሕይወት በአንድ ሰው እጅ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ጥፋቱ ከነጂው ይልቅ የአሠራሩ ነው እላለሁ።

ከአዋሽ በስተ ምዕራብ፣ በመተሐራ አጠገብ፣ የበሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ውሃው ሐዲዱንም አውራ ጎዳናውንም እየተከተለ ስላስቸገረ የአፈሩን ክምር ደጋግሞ ማሳደግ ግድ ሆነ። አሮጌው መሥመር ግን የሞተው በውሃ አይደለም፤ በእርጅናና በጥገና ማጣት ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አገልግሎት ተቋረጠ።

አዲሱ መሥመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን በታኅሣሥ 2010 ጀመረ። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉ ኤሌክትሪክ ነው። እስከ አዳማ ድርብ፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ሐዲድ ነው። ጥራቱን አላማም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ አዲሶቹ ጣቢያዎች በአብዛኛው ከከተማ ወጣ ብለው ተሠሩ። ጥቅሏን ተሸክማ በእግሯ ለገሃር ትደርስ የነበረች ነጋዴ አሁን ጣቢያ ለመድረስ ሌላ መኪና ትፈልጋለች። ዕቃ ለሚጭን ይህ ምንም አይደለም፤ ለእርሷ ግን የትርፏ ግማሽ ነው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ የምድር መንቀጥቀጥ ደጋግሞ ደርሶ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ። በስምጥ ሸለቆ ላይ የተዘረጋ ሐዲድ የመሬቱን መንሸራተት የሚለካ ቋሚ ክትትል ያስፈልገዋል። ማኅበራችን ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ለሚመለከታቸው እንዲያቀርብ አሳስባለሁ።

ከአዋሽ የሚነሣው ሁለተኛው መሥመር በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሀራ ገበያ እንዲሄድ ተነድፏል። ወንዙን ተከትሎ ወደ ሰሜን አይወርድም። ስለዚህ በገዋኔና በሚሌ መካከል ያለችው አዳይቱ በአውራ ጎዳናው ዳር ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር የሚተመውን የጭነት መኪና እያየች ትኖራለች። የአርብቶ አደሩ ከብት በሐዲድ ወደ ወደብ መሄድ አይችልም ወይ? ከአዳይቱ እስከ አዋሽ በመኪና፣ ከአዋሽ ወዲያ በፉርጎ ቢሄድ ወጪው ስንት ይሆናል? የከብት ማሳረፊያና ውሃ ያለው መጫኛ በአዋሽ ማሠራትስ? ይህን ስሌት ለመሥራት ሁለት ሦስት ባልደረቦች ፈቃደኛ ብትሆኑ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ አዳራሽ እቆያለሁ።