የቫኪዩም ፓምፕ አያያዝ በእንጦጦ ከፍታ



በባሕር ጠለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ በሚለው በእንጦጦ ማርያም አካባቢ ወደ 525 ይወርዳል። ምግብ በቅዝቃዜ የሚያደርቅ የቤት መሣሪያ እዚያ ቢተከል፣ ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ የሚለካው ጌጅ ፓምፑ ደኅና ቢሆንም ከ525 አያልፍም። ይህን ያላመዛዘነ ባለሙያ ጤነኛውን ፓምፕ ይፈታዋል። ጌጁ 500 ቢያነብም 25 ቀርቷል ማለት ነው፤ በረዶ ሳይቀልጥ ወደ ተን የሚለወጠው ግን ከ4.6 በታች ስለሆነ፣ ምግቡ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ይበላሻልም። ስለዚህ ቀሪውን ግፊት በቀጥታ የሚያሳይ ጌጅ ያስፈልጋል። እርሱም ጉድለት ካሳየ አስቀድሞ የሚመረመረው ዘይቱ ነው፤ የውሃ ተን ገብቶበት ወተት ከመሰለ፣ ፓምፑ ቆሞ ሳይቀዘቅዝ ይቀዳና በንጹሕ ዘይት ይተካ። መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ልኬት ይቅደም።