ዋግን ቀድሞ ማወቅ ጥንቆላ ነውን?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬውን ርዕስ እንድመርጥ ያደረገኝ ኦጎልቾ ላይ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሰላ ደጋ ወደ ደምበል ሐይቅ ሲወረድ ትገኛለች። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ መስጂዱ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ መልእክት አነበበልን። በመጪዎቹ ቀናት ለስንዴ ዋግ የሚመች አየር ስለሚኖር ማሳችሁን ፈትሹ ይላል። አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ያ ሼኽ፣ ነገ የሚሆነውን ከአላህ በቀር የሚያውቅ አለ እንዴ? ይህ ከጠንቋይ ወሬ በምን ይለያል?» አሉኝ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እኒህ አባት ስለ ዐቂዳቸው ተጨንቀው ነው የጠየቁት። ሆኖም መልሱን ሳናገኝ ብንቀር የምናጣው የዓመት ቀለባችንን ነው።

የአርሲ ገበሬ ዋግን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነስቶ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ መታ። ብዙ ገበሬዎች በዚያ ፈንታ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲጋሉን ዘሩ። በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ይኸንኑ ዲጋሉን አጠቃው፤ እሸቱ አምሮ የነበረ ማሳ ኮምባይነር የማይገባበት ሆኖ ቀረ። አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2012 ያወጣው አንዱ የዳቦ ስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ተብሎ ተሰይሟል። ምርጥ ዘር ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ዋጉም ዓይነቱን ይለዋውጣልና ለዘለዓለም የሚቋቋም ዘር የለም። ስለዚህ ከጥሩ ዘር ጋር ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀድሞ የሚታወቀው እንዴት ነው? የዋግ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ነው። ነፋስ ከአገር አገር ይወስደዋል፤ እርጥበትና የሚስማማው ሙቀት ሲያገኝ ቅጠል ላይ ይበቅላል። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች በየማሳው እየዞሩ ዋጉ የት እንደታየ ይመዘግባሉ። ከእነርሱ ጋር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትና ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ተባብረው፣ ነፋሱ ብናኙን ወዴት እንደሚወስደውና የት ሊበቅል እንደሚችል በኮምፒውተር የሚያሰላ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ሠርተዋል። የነፋሱ ስሌት መጀመሪያ የተዘጋጀው በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ከፈነዳ በኋላ መርዙ ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ ነበር። ዛሬ ለስንዴ ገበሬ ጠቀመ።

እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። ጠንቋይ ምንም ሰበብ ሳይዝ ሩቁን ምሥጢር አውቃለሁ ይላል። ይህ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ባለሙያው ግን ዋጉን በዓይኑ አይቶ፣ ነፋሱን ለክቶ፣ «ሊመጣ ይችላል፣ ተጠንቀቁ» ነው የሚለው። ሊሳሳት እንደሚችልም ራሱ ይናገራል። ደመናውን አይተው አዝመራቸውን የሚሰበስቡ አባቶቻችንስ ጠንቋዮች ነበሩን?

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ፣ ሊገቡ ሲቃረቡ፣ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሰሐቦችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ እየሸሹ እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው እንደሚሄዱ መለሱ። ምሳሌም አቀረቡ፦ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን የሚያሰማራ ሰው፣ ለምለሙ ላይም ደረቁም ላይ ቢያሰማራ ሁለቱም በአላህ ውሳኔ ነው። ማስጠንቀቂያ ሰምቶ መጠንቀቅ ተወኩልን አያጎድልም ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወጣቱን፣ «ና ልጄ፣ ከዐስር በኋላ ማሳዬን አብረን እንይ» አሉት።

ውድ አድማጮች፣ ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጥቷል። ይህ ብዙ ሺህ ሥዕልና ጽሑፍ ተሰጥቶት፣ ከእነርሱ ምልክት ለይቶ አዲስ ለሚቀርብለት ነገር መልስ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በምሥራቅ አፍሪካ «ኑሩ» የተባለው ፕሮግራም የካሳቫን በሽታ ከቅጠሉ ፎቶ፣ ያለ ኢንተርኔትም ቢሆን፣ ይለያል። እኛም አገር ገበሬው በራሱ ቋንቋ ጠይቆ መልስ የሚያገኝባቸው የስልክ ፕሮግራሞች ተጀምረዋል።

ጥቅሙ እንዳለ ሆኖ አደጋም አለው። በመስኖ ቲማቲም የሚያለማ አንድ የማውቀው ወጣት ቅጠሉ ሲደርቅበት ፎቶ አንስቶ ስልኩን ጠየቀ። ስልኩ የፈንገስ በሽታ ነው አለው። ተበድሮ መድኃኒት ገዛ፣ ሁለት ጊዜ ረጨ፤ ቲማቲሙ ግን መድረቁን አልተወም። በመጨረሻ የልማት ሠራተኛዋ መጥታ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አነሳችና ውስጡን የሚቦረቡረውን ትል አሳየችው፤ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ነበር። እስከዚያ ግማሹ ማሳ ሄዷል። ዕዳው ግን የስልኩ አልነበረም፤ የልጁ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ እናጣራ። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ.) ወሬ ሲመጣልን እንድናረጋግጥ አዞናል። የስልክ መልስም ወሬ ነው። መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ለልማት ሠራተኛው አሳዩ። በ2014 ወደተጀመረው የገበሬዎች የስልክ መስመር ወደ 8028 መደወልም አንዱ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ የጎረቤትን ሐቅ እንጠብቅ። ዘመናዊ ስልክ ያለው ጥቂት ነው። ማንበብ ለማይችሉት እናት፣ ብቻዋን ለምታርሰው ባል የሞተባት ሴት ማን ያንብብላቸው? ልጆቻችን፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ የደረሳቸውን ማስጠንቀቂያ በየቤቱ ያድርሱ። ደግሞም ዋግ አጥር አያውቅም፤ የጎረቤት ማሳ ከታመመ ብናኙ ወደ እኛም ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ምርቱ ሲያምር የአላህን ሐቅ አንርሳ። ስንዴያችን ዑለማዎች 653 ኪሎ ገደማ ብለው ያሰሉትን ኒሳብ ከሞላ፣ በዝናብ የበቀለው ከአሥር አንድ፣ በሞተር ውኃ እየተሳበ የበቀለው ከሃያ አንድ ዘካ አለበት። ኮምፒውተር ነፋሱን ቢያሰላም ነፋሱን የሚነዳው፣ ፍሬውን የሚያወጣው አላህ ነውና።

ያ ረብ፣ ጠቃሚ ዕውቀትን ስጠን፤ አዝመራችንን ጠብቅልን፤ ለድሆቻችን የሚተርፍ በረካም አድርግበት። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።