የወታደሩን ታሪክ ማን ይጻፈው?

 

ፊደል የቆጠረ ሰው ለሞተ ወታደር ምን ሊያደርግለት ይችላል? የዛሬው ርእሳችን ይኸው ነው።

ላፍቶ ውስጥ ለቅሶ የደረሰ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንድ የቀድሞ ወታደር ሲያርፍ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ልጆቹ ግን በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ሌሊቱን ሲጨነቁ ያድራሉ። ውትድርና የገባው መቼ ነው? የትኛው ጦር ውስጥ ነበረ? አንዱ ጎረቤት እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል። እርግጡን የሚያውቀው ሰው እኮ አስከሬን ሆኗል!

እንግዲህ ተጽፎ የቀረ የወታደር ሕይወት እንመልከት። ሻምበል ማሞ ወልዴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1955 በኮሪያ አገልግለዋል። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ሮጡ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሻምበል አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጡ፣ ማሞ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፉ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ፣ በ40 ዓመታቸው፣ ሦስተኛ ወጡ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሰው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታሰሩ። እርሳቸው ክሱን አልተቀበሉም። ፍርድ ቤቱ በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ፈረደባቸው፤ ከዚያ በላይ ታስረው ስለ ነበር ተለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ዐረፉ። የተቀበሩትም እዚሁ አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው።

አያችሁ? ድሉም ተጽፏል፣ ክሱም ተጽፏል፣ መካዳቸውም ተጽፏል። ስለዚህ ዛሬ ስለ እርሳቸው የሚያስብ ሰው ሁሉንም አይቶ መመዘን ይችላል። ውዳሴ ብቻ የሆነ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ለእኛ ሠፈር ወታደር ግን ሴኮንድ የሚቆጥርለት ዳኛ፣ የሚጽፍለት ጋዜጠኛ የለውም። ያለው ልጁና የልጅ ልጁ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙ። «አባባ፣ ውትድርና የገቡት መቼ ነው? የት ዘመቱ? አብሮዎት የነበረው ማን ነው? የሚከብድዎትስ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጻፉ፤ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ከሥሩ አስፍሩ። ያልታወቀውን «አልታወቀም» በሉ እንጂ ከራሳችሁ አትሙሉት። አሮጌ መታወቂያና የስንብት ወረቀት ቢገኝ ቁጥሩን ገልብጡ። በመጨረሻም ጽሑፉን ለባለቤቱ አንብቡለት፤ ስሕተት ካለ ራሱ ያርመው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም? ጽሕፈታችሁ ጠማማ ቢሆን ግድ የለም። አባባ በሕይወት ሳሉ ዛሬ ማታ ጀምሩ።